ገናን ግቢ የሚውል ተማሪ

መምህር፦ በኢትዮጵያ ገና የአንድ ቀን በዓል ነው። ታኅሣሥ 29 ሁሉም ይዘጋል፣ በማግሥቱ ሁሉም ይከፈታል፤ በአራት ዓመት አንዴ፣ በዘመነ ዮሐንስ፣ በዓሉ ወደ ታኅሣሥ 28 ይመጣል። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ በዚህ ሰሞን ግቢ የሚቀረው ዕረፍት ስለሌለው ነው። የመጀመሪያው ሴሚስተር አላለቀም፤ ሚድ ካለፈ ፋይናል እየመጣ ነው። በአውሮፓና በአሜሪካ ትምህርቱ ለሳምንታት ስለሚቋረጥ ብቸኝነቱ ከባዶ ሕንፃ ጋር ይመጣል። እዚህ ግን ሕንፃው ሰው አለበት። ስለዚህ ቀድሞ መጠየቅ ያለበት፣ ሰው ባለበት ቦታ ብቸኝነት ከየት ይመጣል የሚለው ነው።

ተማሪ፦ ሰው አለበት ሲባልም ግቢው ከዋዜማው ጀምሮ ለሁለት ይከፈላል፣ መምህር። ቤተሰቡ እዚያው ከተማ ወይም የግማሽ ቀን መንገድ ላይ ያለው ልብሱን በፌስታል ቋጥሮ ይወጣል። የሩቁ ልጅ በር ድረስ ሸኝቶ ይመለሳል። ስድስት ሆነው ከሚያድሩበት ዶርም አራቱ ሄደው ሁለቱ ሲቀሩ፣ ባዶዎቹ አልጋዎች ናቸው ቀኑን የሚያከብዱት። ሁሉም ቢቀር እንደማንኛውም ቀን ያልፍ ነበር።

መምህር፦ የአማራ ክልሉ የዋግ ኽምራ ልጅ ደግሞ ሁልጊዜ ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ የሩቁ ልጅ ነው። ምደባው የትምህርት ሚኒስቴር ነው፤ ዕጣው ጅማም ይሆናል፣ አርባ ምንጭም፣ ሰመራም። ከዚያው ከዝቋላ ወረዳ ዋና ከተማ ከጽጽቃ የተነሣ ልጅ መጀመሪያ ሰቆጣ መግባት አለበት። ከሰቆጣ አዲስ አበባ 700 ኪሎ ሜትር ግድም ነው፤ ከአዲስ አበባ ጅማ ሌላ 350። መኪናው በሰዓቱ ቢገኝ፣ መንገዱም ሰላም ቢሆን፣ መሄጃው ብቻ ሁለት ሦስት ቀን ይበላል። ለአንድ ቀን በዓል ሲባል ሳምንት ሙሉ ከክፍል መቅረት ማለት ነው።

ተማሪ፦ ገንዘቡም አለ። ዝቋላ ቆላ ይበዛበታል፤ ሀብቱ ፍየልና ማሽላ ነው። ለትራንስፖርት የሚላከው ብር ብዙ ጊዜ የፍየል ዋጋ ነው። ልጁ ገናን ቤቱ እንዲውል የገናው ፍየል ይሸጣል እንደማለት ነው። ይህን የሚያውቅ ልጅ ልምጣ ብሎም አይጠይቅም።

መምህር፦ ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ደግሞ የአገር ልጅም ቀንሷል። የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠት ከጀመረ በኋላ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች በ2014 ዓ.ም 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም 5.4 በመቶ ነበሩ። ቀድሞ ከአንድ ትምህርት ቤት ብዙ ልጆች በአንድ መኪና ይሄዱ ነበር፤ የተመደቡበት ቢለያይም በየግቢው ሁለት ሦስት ሆነው ይደርሱ ነበር። ዛሬ ከአንድ የገጠር ትምህርት ቤት አንድ ልጅ ብቻ ሊያልፍ ይችላል፤ ጨርሶ ማንም ያላለፈባቸውም ብዙ ናቸው። ሬሜዲያል የሚባለው የማካካሻ ትምህርት ቁጥሩን ከፍ ያደርገዋል፤ ነገር ግን የሬሜዲያል ተማሪ በገና ሰሞን ዩኒቨርሲቲው ይቀበለው አይቀበለው እንኳ ገና አልለየለትም። በእንግድነቱ ላይ ስጋት ተጨምሮበታል።

ተማሪ፦ እንግድነቱ በትንሽ ነገር ነው የሚታወቀው። "ከየት ነህ?" ሲሉት "ከዝቋላ" ይላል፤ "ከደብረ ዘይት አጠገብ?" ይሉታል። የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ገዳም ያለበት ተራራ ነው ለሰው ቀድሞ የሚታወሰው። አይ፣ ዋግ ኽምራ፣ ተከዜ ዳር ብሎ ያስረዳል። አንዴ ቢሆን ያስቃል። በየሳምንቱ ሲሆን ልጁ "ከሰቆጣ ነኝ" ማለት ይጀምራል፤ ቆይቶ "ከወሎ" ይላል። ቤቱ ኽምጣና የሚናገር ከሆነማ "እንኳን አደረሰህ" የሚለውን በአፍ መፍቻ ቋንቋው የሚሰማው ከስልክ ብቻ ነው።

መምህር፦ እዚህ ላይ ሁለት ነገር ተቀላቅሏል፤ ናፍቆትና ብቸኝነት። ናፍቆት የታወቀ ሰው፣ የታወቀ ቦታ አለው። በ1688 እ.ኤ.አ. ዮሐንስ ሆፈር የተባለ ወጣት ሐኪም ለባዝል ዩኒቨርሲቲ ባቀረበው የመመረቂያ ጽሑፍ የአገር ናፍቆትን እንደ አንድ በሽታ ቆጥሮ ጽፎበታል። ከገለጻቸው ሕመምተኞች አንዱ ከበርን ወደ ባዝል ለትምህርት የሄደ ልጅ ነበር፤ ትኩሳት ይዞት ሊሞት ደርሶ፣ ወደ አገሩ መንገድ ሲጀምር ተሻለው። ከበርን ባዝል 100 ኪሎ ሜትር ግድም ነው።

ተማሪ፦ ከሰቆጣ ላሊበላ እንኳ አይሞላም! የእኛን መንገድ ቢያየው በወጉ ይሞት ነበር።

መምህር፦ ርቀቱ አይደለም ቁም ነገሩ። ናፍቆት በመገናኘት ይድናል፤ ብቸኝነት ግን አይድንም፣ ሰው እቤቱም ሆኖ ብቸኛ ሊሆን ይችላልና። ሮበርት ዋይስ የሚባል አሜሪካዊ የማኅበረሰብ ጥናት ምሁር በ1973 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ብቸኝነትን ራሱን ሁለት አድርጎታል። አንደኛው ልብ የሚያካፍሉት የቅርብ ሰው ማጣት ነው። ሁለተኛው ከእነ እገሌ ወገን ነኝ የሚያሰኝ ስብስብ ማጣት ነው። አንዱ የሌላውን ቦታ አይሞላም። ሃምሳ ሰው የተሰበሰበበት አዳራሽ ለመጀመሪያው መድኃኒት አይሆንም፤ አንድ ጓደኛም ለሁለተኛው አይበቃም። ነገሩም የጥቂቶች ችግር አይደለም፤ የዓለም ጤና ድርጅት በ2025 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት በዓለም ላይ ከስድስት ሰው አንዱ ብቸኝነት እንደሚያጠቃው፣ ወጣቶችም ከሁሉ ይልቅ እንደሚጠቁ ገልጿል።

ተማሪ፦ ሁለቱም ልክ ይመስላሉ፤ የገናውን ግን አይነኩትም። ግቢ ውስጥ ጓደኛ ያለው፣ በማኅበርም የሚሳተፍ ልጅ፣ ሌላውን ቀን ምንም የማይለው፣ በገና ቀን ሆዱ ይብስበታል። ምን ጎድሎበት ነው?

መምህር፦ ሥራ።

ተማሪ፦ ሥራ? ዕረፍት የሌለው ተማሪ ሥራ ጎደለው ይባላል?

መምህር፦ በዋግ ገና ቤት ውስጥ እንዴት እንደሚውል ይታይ። ከኅዳር 15 ጀምሮ ጾም ነው። እህሉ የሚወቃው በዚሁ ሰሞን ነው። ዋዜማው ሲደርስ በቤቱ ሥራ የሌለው ሰው የለም። አንዱ ቄጤማ ያጭዳል፣ አንዷ ጌሾ የተጠነሰሰበትን ጋን ታያለች፣ አንዱ እንጨት ይፈልጣል። ጎረምሳው ፍየል ይጥላል፣ ቆዳ ይገፋል፤ ልጅቷ ሽንኩርት ትከትፋለች፣ ዶሮ ትገነጥላለች። ሕፃኑ እንኳ ለደከሙ ጎረቤቶችና ለክርስትና እናት በሳሕን ያደርሳል። ከሰዓት በኋላ የገና ጨዋታ አለ፤ እዚያም ሩሯን የሚመታ ሰው በቁጥር ስለሚፈለግ የቀረ ልጅ ይጠራል። በዓሉ ሰዉን የሚይዘው በሥራ ነው። አንድ ሰው ከጎደለ አንድ ሥራ ይጎድላል፤ "እገሌ ቢኖር ይህን ይሠራ ነበር" ይባላል። አሁን ያ ልጅ ግቢ ነው። የበዓሉ ምሳ ከኩሽና ይመጣል፤ ካርዱን ያሳያል፣ ትሪውን ይይዛል፣ ይበላል። ሥጋም አለበት ይሆናል፤ የሚመሰገን ነው። እሱ ባይኖር ግን የሚጎድል ነገር የለም። ያን ቀን ያለ እሱ በዓሉ የሚሞላ መሆኑን ሰውነቱ ያውቀዋል።

ተማሪ፦ እንዲህ ከሆነ ከቤቱ ርቆ በዓል የሚያከብር ሁሉ ማዘን ነበረበት።

መምህር፦ ጥሩ ተቃውሞ ነው፤ መልሱ ደግሞ ከዋግ ብዙም አይርቅም። ገናን ላሊበላ የሚውለው ሕዝብ ከቤቱ የራቀ ነው። ከዋግ፣ ከላስታ፣ ከጎንደር፣ ከጎጃም፣ ቀናት በእግሩ ተጉዞ፣ ስንቁን አዝሎ ይመጣል፤ ጋቢውን ተከናንቦ ሜዳ ላይ ያድራል። ልጆቹን ቤት ትቶ የመጣ አባት አለ፤ ዘመድ የሌላት መነኩሲት አለች። ታኅሣሥ 29 የቅዱስ ላሊበላም ልደት በመሆኑ በዓሉ ድርብ ነው። ጠዋት ካህናቱ በቤተ ማርያም ዙሪያ ካለው የዓለት አፋፍ ላይና ከታች ሆነው "ቤዛ ኩሉ" ይላሉ፤ ከላይ ያሉት በመላእክቱ ቦታ፣ ከታች ያሉት በእረኞቹ። ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል ከቤቱ ያልራቀ ጥቂት ነው፤ ብቸኛ ነው የሚባል ግን አይታይም። ተሳላሚው ተመልካች አይደለም፤ ስእለቱን አድርሷል፣ ሻማውን ይዟል፣ ለጎኑ ሰው ቆሎ አካፍሏል። የከተማው ሰውም እግሩን አጥቦ ይቀበለዋል። ከቤት መራቅ ብቻውን ብቸኝነትን እንደማያመጣ ከዚህ በላይ የሚያሳይ ያለ አይመስልም።

ተማሪ፦ ስለዚህ ግቢ የቀረው ተማሪ የሚፈልገው ግብዣ አይደለም፤ ከግብዣው ውስጥ የራሱ ድርሻ ነው። ይህ ከግቢው ካፌ በማይመገቡት፣ ኖን ካፌ በሚባሉት ተማሪዎች ላይ በደንብ ይታያል። አብረው አዋጥተው የሚያበስሉ ልጆች ገናን የሚያማርሩት ስለ ዘይትና ስለ ሽንኩርት ዋጋ ነው። ብቸኝነት ለማለት ጊዜ የላቸውም።

መምህር፦ ዶርም ውስጥ ማብሰል በብዙ ግቢዎች ክልክል ነው፤ ምክንያቱም አለው፣ በአንድ ሶኬት ላይ ሦስት ምድጃ ሕንፃ ያቃጥላል። ስለዚህ የሚደረገው ሌላ ነው። ከከተማው አንድ ቤት ለቀኑ ይለመናል፤ ወይም ውጭ ተከራይቶ የሚኖር ሲኒየር ይፈለጋል። ገንዘቡ ከኅዳር ጀምሮ በትንሽ በትንሹ ይዋጣል፤ ጾሙ ሲገባ ከተጀመረ ሳይጣደፉ ማቀድ ይቻላል። ያዋጣ ሁሉ ሥራም ያዋጣ። ብር የሌለው እንጨት ይፍለጥ፣ ቡና ይቁላ። ብር የሌለውን "አንተ ዝም ብለህ ና" ማለት ደግነት ይመስላል፤ ልጁን ግን ካፌ ሰልፍ ላይ ወዳለበት ቦታ ነው የሚመልሰው።

ተማሪ፦ የሚቀለው መንገድ ግን ግቢ ጉባኤ ነው። የኦርቶዶክስ ተማሪ ከሆነ በማኅበረ ቅዱሳን ሥር የተደራጀ ግቢ ጉባኤ በየዩኒቨርሲቲው አለ። ማኅበሩ ራሱ በ1984 ዓ.ም የተመሠረተው ከዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነው። የገና ሌሊት ማኅሌቱ፣ ቅዳሴው፣ ከዚያም የጾሙ መፍቻ አለ። ሥራውም ብዙ ነው፤ ዳቦ ማምጣት፣ ምንጣፍ ማንጠፍ፣ ሴቶቹን ሌሊት አጅቦ መመለስ። ቅዳሴው ሌሊት ስለሚያልቅ እስኪነጋ እዚያው ቆይቶ በቡድን መመለስ ያስፈልጋል፤ ለብቻ በጨለማ መንገድ መጀመር ለወንዱም አይመከርም። ወንጌላዊው ተማሪ ኅብረት አለው፣ ኢቫሱ የሚባለው። ሙስሊሙ ጀመዓ አለው።

መምህር፦ ሙስሊሙ ሳይረሳ። ገና ቀን ክፍል የለም፤ ጓደኞቹ ቤተ ክርስቲያን ናቸው፤ ባዶው ዶርም ውስጥ የሚቀረው እሱ ሊሆን ይችላል። ዒድ ሲደርስ ደግሞ የዚያው ግልባጭ ይሆናል። በወሎ ይህ አዲስ ነገር አይደለም፤ አንዱ የሌላውን በዓል ያግዛል። ግቢ ውስጥ ግን ሁሉም ከወሎ አይመጣም። አንድ ዶርም ውስጥ ያሉ ልጆች የበዓላቸውን ቀን አስቀድመው ቢነጋገሩ፣ ለገና የቀረው ሙስሊም ቡናውን ሊያፈላ፣ ለዒድ ክርስቲያኑ ለስላሳውን ሊያመጣ ይችላል። ሥጋው ተለይቶ ይበላል፤ ቡናው አንድ ነው።

ተማሪ፦ የማይቀላቀልስ? ይጠሩታል፣ "እሺ" ይላል፣ አይመጣም። ተሸፋፍኖ ይተኛል። ለሱ ሥራ ስጡት ማለት መፍትሔ ይሆናል?

መምህር፦ ለብቻው አይሆንም። የቺካጎ ዩኒቨርሲቲው ጆን ካሲዮፖና ባልደረቦቹ በ2011 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጽሑፍ ብቸኝነትን ለመቀነስ የተሞከሩ ብዙ ዘዴዎችን አነጻጽረዋል። ሰውን ከሰው ማገናኘት ብቻውን የጠበቁትን ያህል አልሠራም። የበለጠ የጠቀመው ሰውየው ስለ ሰዎች የሚያስበውን ማረም ነው። ብቸኝነት የቆየበት ሰው የሰውን ፊት በክፉ መተርጎም ይለምዳል። "የጠሩኝ አዝነውልኝ ነው" ይላል፤ "ካልጠሩኝም ንቀውኝ ነው" ይላል። በሁለቱም መንገድ ይሸነፋል። የቆላ ገጠር ልጅ ደግሞ በአነጋገሩ፣ በጫማው፣ በእንግሊዝኛው የተሳቀበት ቀን አለ፤ ግምቱ ከባዶ አልተነሣም። ስለዚህ "ተሳስተሃል" ማለት አይበቃም። አንድ ጊዜ ሄዶ ግምቱን እንዲፈትነው የሚያደርግ ትንሽ ነገር ያስፈልጋል። "በዓል ላይ ና" ከሚባል "ነገ ሦስት ሰዓት ላይ ከሰል ይዘህልን ና" ቢባል ይሻላል። መሄድና መቅረቱ ስለ መወደድ ሳይሆን ስለ ከሰል ይሆናል።

ተማሪ፦ ስልኩስ? ብዙ ሰው መድኃኒቱ ስልክ ነው ይላል።

መምህር፦ ስልክ ናፍቆትን ያስታግሣል። የዝቋላ ቀበሌዎች ሁሉ ግን ኔትወርክ የላቸውም፤ ወላጅ ገበያ ሲወጣ ነው የሚደውለው። የአደጋ ጊዜም አለ። በሰሜኑ ጦርነት ሰቆጣ ላይ ስልክም መብራትም ጠፍቶ ነበር። በሐምሌ 2015 ዓ.ም ማብቂያ በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ በኋላ ደግሞ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋረጠ፤ የ2016 ዓ.ም ገና በዚያ መካከል ዋለ። በዚያው ዓመት ድርቁ ዝቋላን፣ ሰሃላንና አበርገሌን መትቷል። ያን ገና የደወለ ልጅ ለመጠየቅ ፈርቶ ነው የደወለው።

ተማሪ፦ ወላጁም አይናገርም። "ከብቶቹ ደህና ናቸው" ይላል። ልጁም "ደህና እበላለሁ" ይላል። ሁለቱም አንዳቸው ሌላውን ሊያሳርፉ ይዋሻሉ፤ ስልኩ ሲዘጋ ሁለቱም ይጠረጥራሉ።

መምህር፦ ስለዚህ ከጎረቤት ወይም ከታላቅ ወንድም ጋር ተለይቶ መነጋገር ይጠቅማል፤ እውነቱ ከዚያ ይገኛል። ሰዓቱም ይመረጥ። ምሽት ላይ ደውሎ ወደ ባዶ ክፍል መግባት ከባድ ነው። ጠዋት ደውሎ ወደ ሥራ መሄድ ይሻላል። የሌላውን የበዓል ፎቶ በቴሌግራምና በቲክቶክ ሲያዩ መዋል ግን አይጠቅምም፤ የሰው ሁሉ ትሪ ሞልቶ የሚታየው እዚያ ነው።

ተማሪ፦ ውጭ አገር የሚማረውስ? ከዋግም ወጥቶ እዚያ የደረሰ አለ።

መምህር፦ እሱ ሁለት ገና ያመልጡታል። በፈረንጆቹ ታኅሣሥ 25 ሁሉ ይዘጋል፤ ካፌውም ቤተ መጻሕፍቱም፣ አንዳንድ ዩኒቨርሲቲ ማደሪያውንም ይዘጋል። የሚከበረው ግን የሱ ገና አይደለም። ጥር 7 በነሱ አቆጣጠር የሱ ገና ሲደርስ ሰዉ ሁሉ ሥራ ላይ ነው፤ ፈተናም ሊኖርበት ይችላል። እዚያ ያሉ የኢትዮጵያ አብያተ ክርስቲያናት ብዙ ጊዜ በኪራይ ወይም በተለመነ ሕንፃ ውስጥ ሆነው ሌሊቱን ይቀድሳሉ። እዚያም ቢሆን እንጀራ የሚጋግር፣ ወንበር የሚደረድር፣ ሰው በመኪና የሚያመጣ ሁልጊዜ ይጎድላል። ለተማሪው መግቢያው እሱ ነው።

ተማሪ፦ ከዚህ ሁሉ የሚያልፍ፣ በሥራም በጓደኛም የማይመለስ ሐዘን አለ።

መምህር፦ አለ። የገና ቀን ማልቀስ ሕመም አይደለም። እንቅልፍና ምግብ መጥፋት፣ ደስ ይል የነበረ ነገር ሁሉ መሰልቸት፣ ከክፍል መቅረት ሁለት ሳምንት ካለፈ ግን ሌላ ነገር ነው። ጫት ወይም መጠጥ በድንገት መጀመርም እንደዚሁ። ያኔ የግቢው ክሊኒክና የምክር አገልግሎት ነው መሄጃው። "ባልኖር ይሻል ነበር" የሚል ንግግር ከተሰማ ማደሪያ ውስጥ ብቻውን አይተውም፤ ራሱን ሊጎዳ ያስብ እንደሆነ በግልጽ ይጠየቃል። መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣበትም፤ ይልቁንም ያቀለዋል። ጠበል መሄድ የፈለገ ይሂድ፤ ሐኪሙንም ሳያቋርጥ።

ተማሪ፦ ገና ካለፈ ጥምቀት በ12 ቀን ውስጥ ይመጣል። ያ አይከብድም?

መምህር፦ ይቀላል። ጥምቀት የአደባባይ በዓል ነው፤ ታቦት ሲወጣ ሰዉ ሁሉ ውጭ ነው፤ ግብዣ አያስፈልግም፣ በር አይንኳኳም። በገና ከከተማው አንድ ቤተሰብ ጋር የተዋወቀ ልጅ ጥር 10 ከተራ ላይ ከነሱ ጋር ሊቆም ይችላል፤ የቤቱ ልጅ ሕፃን ከሆነ ትከሻው ላይ ይሸከማል። ሴሚስተሩ ሲያልቅ ዋግ የሚገባውም ቢሆን፣ በሚቀጥለው ዓመት ገና የት እንደሚውል አስቀድሞ ያውቃል።